የፊታውራሪ የብረት ጥጃ

ትራክተሩ ጥጃ መሆኑን ከአገሩ ሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ሌላው ሲከራከር ከረመ። አንዱ "መኪና ነው" ይላል፤ አንዱ "የፈረንጅ በሬ ነው" ይላል። እኔ ግን አንድ ጊዜ ዙሪያውን ዞሬ፣ ፊቱንም ኋላውንም አይቼ ነገሩን ጨረስሁት። ትንሽ ነው። ፊታውራሪ ወልደማርያም አጠገቡ ሲቆሙ ባርኔጣቸው ከጭስ ማውጫው ይበልጣል። አጎቴ አስማረ ደግሞ፣ እሱ በተማረበት አገር ያሉት ትራክተሮች የኋላ ጎማቸው ብቻ የቤት በር እንደሚያህል ነግሮኛል። እንግዲህ ይኼኛው ገና አልደረሰም ማለት ነው። ደግሞም ጧት ጧት ያለቅሳል። ጧት ጧት የሚያለቅስ ትንሽ ነገር ከእናቱ የተለየ ጥጃ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ይህን ለእናቴ ስነግራት "ይታይሽ፣ አሁንስ አበዛሽው" አለችኝ። ከዚያ በፊት የነገርኋት፣ ጅብ በበቅሎ ተቀምጦ ወደ ንፋስ መውጫ ገበያ ሲወጣ ማየቴን ነበርና አልፈርድባትም።

የምንኖረው ከንፋስ መውጫ ወረድ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ፣ በፊታውራሪ ግቢ ውስጥ ነበር። እናቴ ውባለም የጎተራው ቁልፍ ያዥ ናት። አስማረ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ የእርሻ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ሞተር መፍታትና መግጠም ተምሮ፣ ትራክተሩን ከደብረ ታቦር እየነዳ ያመጣው እሱ ነው። ከትልልቅ ሰዎች የእሱን ያህል የምወደው አልነበረም። ሌሎቹ ስዋሽ ይቆጡኛል፤ አስማረ ግን "ቆይ እስቲ፣ ጅቡ ኮርቻ ነበረው?" ብሎ ይጠይቀኛል።

ትራክተሩ የመጣ ዕለት ቄስ ቀለመወርቅ መስቀልና ጸበል ይዘው ሊባርኩት ቀርበው ነበር። ፊታውራሪ በሕዝብ ፊት ሳቁ።

"አባቴ፣ ይኼ የሚጠጣው ዘይት ነው። ጸበሉን ለበሬዎቹ ይርጩልኝ፤ ከእንግዲህ ሥራ ፈት ስለሆኑ እንዳይከፋቸው።"

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ቄሱ በሬዎቹን ረጭተው ሄዱ።

ትራክተሩ የሚያድረው በበቅሎዎቹ ጋጥ ነው። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን የሚወርደውን የጋይንት ብርድ ለማያውቅ ሰው እንዴት አድርጌ እንደምነግረው እንጃ፤ ውሻችን ለመጮህ አፉን ይከፍትና ብርዱ ሲገባበት ሐሳቡን ይለውጥ ነበር። በዚያ ብርድ አስማረ ሞተሩን ያስነሳል። ሞተሩ ደህና ነው፣ ዱብ ዱብ ይላል። ጣጣው የሚመጣው ማረሻውን ከመሬት የሚያነሳውን እጀታ ሲስብ ነው። ከመቀመጫው ሥር፣ ከሆዱ፣ "እእእይይይ" የሚል ቀጭን ልቅሶ ይወጣል። ሁለቱ የብረት ክንዶች እንደ ሽማግሌ ጉልበት እየተንቀጠቀጡ ቀስ ብለው ይነሳሉ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ልቅሶው ይቆማል። በማግሥቱ ጧት ደግሞ እንደገና።

አንድ ቀን አስማረ የበቅሎ መንጃ በትር አመጣና አንዱን ጫፍ ትራክተሩ ሆድ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ። በትሩን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ታች እያዛወረ አዳመጠ። እኔ ትንፋሼን ያዝሁ።

"ጋሼ፣ ምን አለህ?"

"በረደኝ አለ።"

"እናቱን አልጠራም?"

"ጠርቷል። መጀመሪያ ግን በረደኝ ነው ያለው።"

ዛሬ ሳስበው አልዋሸኝም። ማረሻውን የሚያነሳው ሃይድሮሊክ የሚሉት ነገር ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለች ፓምፕ ዘይቱን ከሥር እየሳበች ወደ ክንዶቹ ትገፋዋለች። ዘይቱ ጎድሎ ስለነበር፣ ሌላም ስለጠፋ፣ የወፍጮ ቤት ወፍራም ዘይት ሞልተውበታል። ያ ዘይት በጉና ተራራ ብርድ እንደ ማር ይረጋል። ፓምፗ ትስባለች፣ አይመጣላትም፤ ባዶውን ስትስብ ትጮኻለች። እንግዲህ ባዶ ጡት የሚስብ ጥጃ ነው ብዬ ሳወራ ምኑን ተሳሳትሁ?

ወፍራሙን ዘይት የሰጠው ሷሊህ ነበር። ንፋስ መውጫ ላይ ወፍጮ አለው፤ የመኪናም የሰዓትም የጠመንጃም ሐኪም ነኝ ይላል፤ ድምፁ ከወፍጮው ይበልጣል። ተጠርቶ መጣ። ፊታውራሪ በርኖሳቸውን ደርበው ጋጡ ደጃፍ ቆመዋል፤ ጭቃ ሹሙ ዋሴ ከጎናቸው።

"ዘይቱ ቀጥኗል፤ ወላሂ ቀጥኗል" አለ ሷሊህ። "ከዚህ የባሰ ወፍራም እንጨምርበት። ወፍራም ዘይት ድምፅ ያፍናል።"

"ድምፁን አፍኖ እሱንም ይገድለዋል" አለ አስማረ። "ቀትር ላይ ለምን ዝም ይላል? ዘይቱ ሲሞቅ ስለሚቀጥን ነው። ቀጭን ነው የሚፈልገው።"

"ቀጭን ከሆነማ የፍሬን ዘይት አለኝ!"

"የፍሬን ዘይት ውስጡ ያሉትን ጎማዎች ይበላቸዋል። ከዚያ ወዲያ ማልቀሱን ትቶ ማንጠባጠብ ነው።"

ዋሴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጾሙም እየደረሰ ነው፤ የኑግ ዘይት ብትሰጡትስ?"

ሰው ሳቀ፤ ዋሴ ግን አልሳቀም። ትራክተሩ ከመምጣቱ በፊት፣ ለፊታውራሪ የሁዳድ እርሻ ባላገሩን ከነበሬው እያዘዘ የሚያወጣው እሱ ነበር። የማን ጥማድ ይውጣ፣ የማን ይቅር እያለ ሲወስን ቤቱ ዶሮ አይታጣም ነበር። አሁን ዶሮዎቹ ቀርተዋል።

አስማረ ወደ ፊታውራሪ ዞረ። "ጌታዬ፣ ለማርሹም ለክንዱም የሚሆን፣ ለብርድ አገር የተሠራ ቀጭን ዘይት አለ። ደብረ ታቦር ይገኛል። ይምጣልኝና የድሮውን ሙሉ በሙሉ ደፍቼ እሞክረው።"

ፊታውራሪ ዘይቱን ሄዶ እንዲያመጣ ለሷሊህ በቅሎ አስጫኑለት። ቀጥለው ግን፣ የሰው ፈገግታ ሳያናድዳቸው አልቀረም፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"የበልግ ገብስ መዝሪያው ሳያልፍ ሁዳዱን ካላረሰ እሸጠዋለሁ። ነጂውም ከብረቱ ጋር ይሄዳል። ማርያምን!"

እናቴ የዚያን ዕለት ቁልፎቿን ሦስቴ ጣለቻቸው። "የሚገዙት ሰዎች ሁመራ ነው የሚወስዱት። እዚያ ደግሞ ወባው ሰው አይምርም" ስትል ሰማኋት። እኔ ሁመራን አላውቅም፤ ወባንም አላውቅም። የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ጥጃው ካልተሻለው አስማረ ይሄዳል።

ስለዚህ መድኃኒት አሰብሁ። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ ጋጡ ውስጥ ገባሁና ጭድ ውስጥ ተቀበርሁ። ዕቅዴ ከኋላው ሆኜ እንደ ላም "እምቧ" ማለት ነበር። እናቱ የመጣች መስሎት ቢጽናና ብዬ ነው። ደግሞ በእምቧታ የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ የጎረቤት ጥጃ በእኔ እምቧታ ከመስክ እስከ ደጃችን ተከትሎኝ መጥቷል። ይኼኛው እንኳ እውነት ነው።

አፌን ከፍቼ ልጀምር ስል በሩ ሲጢጥ አለ።

ፊታውራሪ ናቸው። አሽከር የለም፣ በርኖስ የለም፤ ጋቢ ብቻ ለብሰው፣ ቅል ታቅፈው። ወደ ኋላቸው ተገላምጠው በሩን ዘጉ። ትራክተሩን በእጃቸው ዳሰሱት። አንዱን ክዳን ከፍተው አሸተቱና መልሰው ዘጉት፤ ከመቀመጫው ኋላ ያለውን ከፈቱ። አማተቡ። ቅሉን ዘቅዝቀው "ጉርጉር ጉርጉር" እስኪል ድረስ አጠጡት፤ የመጨረሻዋን ጠብታ እንኳ አራገፉለት። ከዚያ እንደ በቅሎ አንገት ቸብ ቸብ አደረጉት።

"አይዞህ" አሉት። "እኔ በሰው ፊት ምያለሁ፤ ከአፌ የወጣውን መመለስ አልችልም። አደራህን፣ አስማረን አታስባርረኝ።"

ክዳኑን ገጥመው፣ ቅሉን ጋቢያቸው ሥር ደብቀው፣ እንደ ዶሮ ሌባ በጥፍራቸው ወጡ።

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ያን ያህል ጌታ፣ ማንንም ሳያዝዙ፣ በገዛ እጃቸው ወተት አጠጡት! እምቧታዬን ዋጥሁት። ወተት ከጠጣማ ምን ሊያደርግለት?

የዚያን ቀን ጥጃው ጧት አለቀሰ። ፀሐይ ሞቀች፤ አለቀሰ። ቀትር ሆነ፤ ከጧቱ ብሶበት አለቀሰ። ክንዶቹ ግማሽ ድረስ ይነሱና እየተንዘፈዘፉ ይወድቃሉ። አስማረ በትሩን ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

"ጋሼ፣ ምን አለህ?"

በትሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ። ማታ እራት ላይ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። "ጧት ብቻ ሲያለቅስ ብርድ ነው። ቀትርም ካለቀሰ ግን ሌላ ነገር ገብቶበታል፤ እቴ፣ ምን እንደሆነ ግን እኔም አላወቅሁት።"

ሷሊህ ከደብረ ታቦር ቆርቆሮውን ጭኖ ደረሰ። አስማረ ከትራክተሩ ሥር ትልቅ ገበቴ አስቀምጦ የሆዱን ብሎን ፈታ። የወረደው ዘይት ጥቁር አልነበረም፤ ቡናማም አልነበረም። ነጭ ነው። አረፋ ያዘለ፣ ትኩስ የታለበ የሚመስል።

"ወተቱ!" ብዬ ጮህሁ። "ሁሉንም አስመለሰው!"

እናቴ አፌን በነጠላዋ ያዘችው። ሷሊህ ከነጩ ነገር በጣቱ ነክቶ አሻሸው፣ አሸተተው። ጥቂት በጣሳ ክዳን ላይ አድርጎ ፍም ላይ አኖረው። ጠጥጥ፣ ጠጥጥ እያለ ተንጣጣ።

"ውሃ ነው!" አለ ሷሊህ። "ንጹሕ ዘይት ዝም ብሎ ነው የሚጨሰው፤ የሚንጣጣው ውሃ ሲኖርበት ነው። ማነው ይኼን ያህል ውሃ የጨመረበት?"

ዋሴ ይህችን ቀን ሲጠብቅ ነበር። "የሆዱን መክፈቻ ከነጂው ሌላ ማን ያውቃል? የሚሠራበትን አገር ሰው ሲያሳብድ፣ ጌታችንን ሲያዋርድ ዝም ይባላል? ነገ አውጫጭኝ ይጠራ!"

ወደ ፊታውራሪ አየሁ። ፊታቸው ገበቴው ውስጥ ካለው ነገር የባሰ ነጥቷል። የደከሙበት ወተት በመደፋቱ አዝነው ነው ብዬ እኔም አዘንሁላቸው።

"ጌታዬ፣ ይጠራ?" አለ ዋሴ።

እምቢ ቢሉ "ለምን?" ይባላል። "ይጠራ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከገበቴው ሳያነሱ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አስማረ ጎማው ሥር ተቀምጦ ልብሱን በስልቻ ሲከት አገኘሁት። ስልቻውን ያዝሁበት።

"ጋሼ፣ ደግሞ ወተት ይጠጣል እኮ። ፊታውራሪ ያጠጡታል።"

"ዛሬ እንኳ ተይኝ፣ ይታይሽ።"

"ማርያምን! በጎሕ መጥተው ያጠጡት እሳቸው ናቸው።"

ፈገግ ሊል ሞከረ። "በዋንጫ ነው በብርሌ?"

"በቅል። ክዳኑን አልለዩትም ነበር፤ አንዱን ከፍተው አሸተቱና ዘጉት፤ ከዚያ ያንን ከፈቱ።" በጣቴ አሳየሁት። "አማተቡ። ቸብ ቸብ አደረጉት።"

እጁ ስልቻው ላይ ቀረ። "ሌላስ? ምን አሉ?"

"'ምያለሁ፤ ከአፌ የወጣውን መመለስ አልችልም፤ አስማረን አታስባርረኝ' አሉት።"

አስማረ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲስቅ ነው ብዬ አብሬው ሳቅሁ፤ ቀና ሲል ግን ጉንጩ ረጥቦ ነበር። "ጸበል" አለ ለራሱ። "እኔ ነጋ ጠባ ብሎን ስፈታ፣ ሰውየው በጎሕ ጸበል ይዘውለት ይመጣሉ።" ስልቻውን ገልብጦ ልብሱን አወጣ። "ይታይሽ፣ ይህን ለማንም እንዳትነግሪ።"

"ብነግርስ ማን ያምነኛል?"

"እሱስ እውነትሽን ነው" አለ፤ አሁን ግን ከልቡ ሳቀ።

አውጫጭኝ ማለት እንዲህ ነው፤ የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ጥፋተኛው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየ ሰው "ወፍ ነገረችኝ" ብሎ ይጠቁማል፤ የወፏን ማንነት የሚጠይቅ የለም። ላምና በቅሎ ለጠፋበት ነበር የሚጠራው። ለትራክተር ሆድ ሲጠራ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ይመስለኛል። ዋሴ "ወፍ ያለው ይናገር!" ሲል እኔ ወደ ወይራው አንጋጠጥሁ። አንድ ቁራ ነበር፤ ምንም የሚያውቅ አይመስልም።

ሰዉ ተፋጠጠ። ፊታውራሪ በርጩማቸው ላይ ሆነው መሬቱን በከዘራቸው ይቆፍራሉ። ሲጠየቁ እውነቱን ሊናገሩ ነበር ወይስ አልነበረም? ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም። አፋቸውን ሁለት ጊዜ ከፍተው ሲዘጉ ግን አይቻለሁ።

አስማረ ተነሣ።

"ወፍ አያስፈልግም። ጥፋተኛውን አውቀዋለሁ።"

የፊታውራሪ ከዘራ ቆመ።

"ጤዛ ነው" አለ አስማረ። "ብረት ቀን በፀሐይ ይግላል፤ ሌሊት የጉና ብርድ ሲመታው ውስጡ ያልበዋል። ላቡ ዘይቱ ላይ ይንጠባጠባል። ጋን እንኳ ቢሆን ክዳኑን ጧት ገልብጣችሁ እዩት፤ ረጥቦ ታገኙታላችሁ። ዘይቱ ሞልቶ ቢያድር ይኼ አይመጣም ነበር። አጉድዬ ያሳደርሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም ይኼው ነው።"

ሷሊህ ዓይኑ ፈጠጠ። "ኧረ ጤዛማ ይኼን ያህል..." ብሎ ሲጀምር አስማረ እግሩን ረገጠው። ሷሊህ እንደ ወፍጮ የሚጮህ ይሁን እንጂ ሰው ነበር፤ የአስማረን ፊት አየ፣ የፊታውራሪን ፊት አየ። "...ይኼን ያህል መጠርጠር ነበረብኝ" አለ። "ወላሂ፣ ጤዛ ነው። ወፍጮዬንም አንድ ጊዜ ሠርቶታል።"

"ጤዛ ገበቴ ይሞላል?" አለ ዋሴ።

እኔ ይህን ጊዜ መቀመጥ አቃተኝ። አጎቴ ወተቱን ጤዛ ማለቱ አስገርሞኛል፤ ውሸቱ ግን ትንሽ ሆነብኝ። ውሸት ከተባለ እንዲህ ተቆጥቦ አይዋሽም።

"እኔ አይቼዋለሁ!" አልሁ። "ጭድ ውስጥ ተኝቼ! ጤዛው የዶሮ እንቁላል ያህላል! ከጣራው እየዘለለ ነው የሚገባበት፤ አንዱ እንዲያውም መግቢያው ጠፍቶት እኔን ጠየቀኝ!"

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ፊቷን ሸፈነች። ፊታውራሪ ግን አልሳቁም። "ጭድ ውስጥ ተኝቼ" ያልሁትን ብቻ ነበር የሰሙት። ዓይናቸውን ጥለውብኝ ቆዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ አስማረ ዞሩ። እሱም አያቸው።

"ልጅቷ እውነቷን ነው" አሉ ፊታውራሪ። "ሰው ወደየቤቱ ይሂድ።"

አስማረ ሦስት ቀን ሙሉ የትራክተሩን ሆድ አጠበ። ዘይቱ የሚጣራበትን ወንፊት አውጥቶ በላምባ አጸዳው፤ ሁሉን ነገር አድርቆ ገጠመ። አዲሱን ዘይት ሲያፈስ ሷሊህ ቆርቆሮውን ያዘለት፤ በጧት፣ በዚያ ብርድ፣ ዘይቱ እንደ ውሃ እየሳቀ ወረደ። ሞተሩ ተነሣ። እጀታው ተሳበ። ክንዶቹ ሽቅብ ወጡ፤ ልቅሶ የለም። እናቱን ረሳት ብዬ ትንሽ ከፋኝ።

የበልጉ ገብስ ሊዘራ ሲል ሁዳዱ ላይ የመጀመሪያው ፈር ወጣ። ባላገሩ ዳር ዳሩን ቆሞ ያያል። አንዳንዱ በሬዎቹ በማረፋቸው ደስ ብሎታል፤ ዋሴ ብቻ ፈሩ ጠማማ ነው ይላል። አስማረ ጫፍ ደርሶ ሲዞር ፊታውራሪ የታረሰውን እየረገጡ፣ ጫማቸው አፈር እየዋጠው ወደ ትራክተሩ መጡ። እኔ መቀመጫው ጥግ ተንጠልጥዬ ነበርና ሁሉንም ሰምቻለሁ።

"አስማረ።"

"አቤት፣ ጌታዬ።"

"ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሆድ የሚገባውን የምታዝዘው አንተ ነህ። ማንም ሳያስፈቅድህ ጠብታ እንዳይጨምር።"

"ሰማችሁ!" አለ ዋሴ ከዳር፣ ለሕዝቡ።

ፊታውራሪ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ያኔ የመሰለኝ አጎቴን ሲሾሙት ነበር። አሁን፣ ፊታውራሪም ትራክተሩም ሁዳዱም ከሄዱ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ያን ድምፅ ሳስታውሰው የሹመት አልነበረም።

"ማንም ስልህ" አሉ፣ "እኔም ብሆን።"

አስማረ ከመቀመጫው ወርዶ፣ እስከ አፈሩ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ቀና ሲል ሁለቱም ዓይን ለዓይን አልተያዩም፤ ፊታውራሪ ወደ ጉና፣ አስማረ ወደ ጎማው ያያሉ። ከዚያ አስማረ ወጥቶ ማርሹን አስገባና ሁለተኛውን ፈር ጀመረ።